«ቤት ሞልቼ፣ አስነጋሪ ሆኜ»፦ የዋድላ ቅኔ ቤት ትምህርት ደረጃው ምን ያህል ነበር?

ከደሴ የጻፉልን ጠያቂ እንዲህ ይላሉ፦ «አያቴ በልጅነታቸው ከቤት ጠፍተው ዋድላ ቅኔ ቤት ገቡ። ሲያጫውቱን ‹ቤት ሞልቼ፣ የኔታ አስነጋሪ አድርገውኝ ነበር› ይሉ ነበር። ዘመድ ሁሉ ‹የዩኒቨርሲቲ ያህል ተምረዋል› ይላል። የምስክር ወረቀት ፈልገን አጣን፤ ያገኘነው ‹ቀተለ፣ ቀደሰ› ብሎ የሚጀምር የቃላት ዝርዝር ያለበት አንድ ደብተር ብቻ ነው። ከድርሰቶቻቸውም አንድ እንኳ የለም። ትምህርቱ እውነት ያን ያህል ነበር? ማስረጃውስ ከየት ይገኛል?»

የሚፈልጉትን ማስረጃ ግማሹን አያትዎ ራሳቸው ነግረዋችኋል፤ የሽምግልና ጨዋታ መስሎ ስለ ተሰማ ነው ያመለጣችሁ። በቅኔ ቤት ቋንቋ «ቤት» ማለት የቅኔው ስንኝ ነው። ተማሪ ቅኔ መቁጠር፣ ማለትም ማዘጋጀት፣ የሚጀምረው በሁለት ቤቱ በጉባኤ ቃና ነው። ከዚያ ወደ ሦስት ቤቶቹ ወደ ዘአምላኪየና ወደ ሚበዝኁ፣ ቀጥሎ ወደ ዋዜማና ወደ ሥላሴ እያለ ስምንት ቤት ያለው መወድስ ላይ ይደርሳል። ቤት ሞላ የሚባለው የየዓይነቱን ልክ ጠብቆ ሙሉ ቅኔ ማቅረብ ሲችል ነው። አስነጋሪ ደግሞ መምህሩ ሳይደርሱበት የታናናሾቹን ቅኔ የሚሰማ፣ የሚያርም፣ የተጣመመውን የሚያቃና ተማሪ ነው። ስለዚህ አያትዎ ጀምረው የተዉ ተማሪ አልነበሩም፤ ከመምህሩ ሥር ሆነው ሌላውን ያስተምሩ ነበር። ዛሬ በዩኒቨርሲቲ ከረዳት መምህር የሚጠበቀው ሥራ ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ደብተሩ ደግሞ የመንገዱን መጀመሪያ ያሳያል። ቀተለ፣ ቀደሰ፣ ተንበለ፣ ባረከ፣ ማኅረከ፣ ሴሰየ፣ ክህለ፣ ጦመረ፤ እነዚህ ስምንቱ አርእስተ ግስ ናቸው። በግእዝ ያለ ግስ ሁሉ ከእነዚህ ከአንዱ ሥር ይመደባል፣ በእርሱ መንገድ ይረባል። ተማሪው አዲስ ግስ በያዘ ቁጥር «አለቃው ማን ነው?» ተብሎ ይጠየቃል። ለምሳሌ ቀተለና ቀደሰን ይውሰዱ። በጽሑፍ ሲታዩ መንትያ ይመስላሉ፤ ሁለቱም ሦስት ሦስት ግእዝ (የመጀመሪያ ድምፅ) ፊደል ናቸው። ነገር ግን የቀተለ መካከለኛ ፊደል ይላላል፣ የቀደሰ ይጠብቃል። በዚህ የተነሣ «ይገድላል» ለማለት ይቀትል ሲባል፣ «ይቀድሳል» ለማለት ይቄድስ ይባላል። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን ስለማይጽፍ ይህን ልዩነት ከብራና ላይ ማንበብ አይቻልም፤ ከመምህር አፍ መስማት ግድ ነው። ተማሪው ደብተር ብቻ ይዞ ቤቱ ቢቀመጥ የማይማረው ለዚህ ነው። በአያትዎ ደብተር ውስጥ ከአንዳንዱ ግስ አጠገብ ነጥብ ወይም ምልክት ካዩ ሳያጠፉት በደንብ ይመልከቱት፤ የሚጠብቀውን ለማስታወስ ያደረጉት ሊሆን ይችላል።

ከግስና ከርባ ግስ (ከግሱ አረባብ) በኋላ አገባብ አለ። ይህ የአያያዥ ቃላትና የዓረፍተ ነገር አሰካክ ትምህርት ነው፤ የቅኔ ቤቶችም ዋናው መለያቸው እርሱ ነው። የዋሸራ አገባብ፣ የጎንጅ አገባብ፣ የዋድላ አገባብ እየተባለ ተማሪው በየቤቱ ስም ይታወቃል፤ የአንዱ ቤት ተማሪ የሌላውን ቤት ተማሪ በክርክር ሲያፋጥጥ ውሎ ማደር ልማዱ ነው። ዋሸራና ጎንጅ ጎጃም ናቸው። ዋድላ ዛሬ በሰሜን ወሎ፣ ከደላንታ በዥጣ ገደል የሚለይ ብርዳም ደጋ ነው። ወሎ ሲነሣ የመጻሕፍት ትርጓሜውን ቦሩ ሜዳ ሥላሴ የሚያስታውስ ብዙ ነው፣ ተገቢም ነው። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ንጉሥ ምኒልክ ባሉበት የሃይማኖቱን ጉባኤ ያደረጉት እዚያው ቦሩ ሜዳ ላይ ነው። ዛሬ በደሴ ትምህርት ቤት የተሰየመላቸው መምህር አካለ ወልድም የቦሩ ሜዳ ሊቅ ነበሩ። ቅኔን በተመለከተ ግን ከወሎ ስሙ ከጎጃሞቹ ጋር እኩል የሚጠራው ዋድላ ነው።

አሁን ወደ ትልቁ ነገር እንምጣ፤ ድርሰቶቻቸው ለምን እንደሌሉ። ይህን ሳያውቁ አያትዎን በዩኒቨርሲቲ ሚዛን ቢመዝኑ ሚዛኑ ይዋሻል።

በቅኔ ቤት የሚፈተነው ያጠኑት ሳይሆን ዛሬ የሚፈጥሩት ነው። ድጓ ቤት የገባ ሰው ድጓውን ሳይሳሳት ማዜም አለበት፤ ትርጓሜ ቤት የገባ የአባቶችን አንድምታ እንደ ወረደ መመለስ አለበት። ቅኔ ቤት ግን ትናንት የተባለውን ዛሬ መድገም ነውር ነው። የሌላ ሰው ቅኔ ማቅረብ ስርቆት ነው፣ የራስን የአምናውን ማምጣትም ስንፍና ነው። በማኅሌቱ ላይ የተባለ ቅኔ ለዚያ በዓል ተባለ፣ አለቀ። መልካም ከሆነ የሰማው ይይዘዋል፣ ከደብር ደብር ይወራል፤ የተሰበሰበና የታተመም አለ። ባለቤቱ ራሱ ግን መዝግቦ እንዲያስቀምጥ አይጠበቅበትም ነበር። አያትዎ በሕይወታቸው ምናልባት እጅግ ብዙ ቅኔ ተቀኝተው ይሆናል። አንዱም ወረቀት ላይ አለመገኘቱ ማነሳቸውን አያሳይም፤ ሥርዓቱ እንደዚያ ነበር።

የቀኑ አካሄድ ከጉባኤ ጉባኤ ይለያያል፤ ጠቅላላ ቅርጹ ግን አንድ ነው። መምህሩ ተማሪው ተሰብስቦ ሳለ ቅኔ ይዘርፋሉ፤ ማለትም እዚያው በቃላቸው እየፈጠሩ ይናገራሉ። ምስጢሩን ይፈታሉ፣ ግሱን ያወርዳሉ። ከዚያ ተማሪው ይበተናል። ራሱን በጋቢ ወይም በደበሎ ሸፍኖ ከዛፍ ሥር፣ ከጥሻ፣ ከመቃብር አጠገብ ይቀመጥና ቅኔ ይቆጥራል። ለማያውቅ ሰው የተኛ ይመስላል። የገበሬ ልጅ ከብት ሲነዳ አልፎ ቢያናግረው እንኳ መልስ የማይሰጥበት ጊዜ አለ፤ በዋድላ መንደሮች የቅኔ ተማሪ ለጊዜው ያበደ ሰው ነው የሚል ቀልድ ቢሰሙ አይደነቁ። የቆጠረውን ይዞ ወደ አስነጋሪው፣ ከዚያም ወደ የኔታ ይቀርባል። ይህ ነገራ ይባላል።

ነገራው ላይ ምን እንደሚሆን እኔው በፈጠርሁት ምሳሌ ላሳይዎ። ተማሪው የትንሣኤን ቅኔ ይዞ መጣ እንበል። ሰሙ፣ ማለትም ላይ ላዩን የሚሰማው፣ የዋድላ ገበሬ የሚዘራው የገብስ ቅንጣት ነው፤ ወርቁ፣ ማለትም የተሰወረው ምስጢር፣ የክርስቶስ መቀበርና መነሣት ነው። ሐሳቡ መልካም ነው። «ተቀብረ» ብሎ ጀመረ፤ ገብሱም መሬት ገብቷል፣ ጌታም ተቀብሯል፤ ግሱ ለሁለቱም ሠራ። ቀጥሎ «ተንሥአ» አለ። የኔታ እዚህ ላይ ያቆሙታል። «ገብስ ይበቅላል እንጂ ከሞት ይነሣል ወይ? ሰምህ የት ሄደ?» ተማሪው ቀይሮ «በቈለ» ቢል ሰሙ ይቃናል፣ ወርቁ ግን ይደፈርሳል፤ የጌታን ትንሣኤ በዚህ ቃል ብቻ መሸከም ይከብዳል። እንግዲህ ሁለቱንም ያለ ጭንቅ የሚይዝ ሌላ ግስ መፈለግ አለበት፤ ያ ግስ ደግሞ የመጨረሻ ፊደሉ የላይኛውን ቤት መምታት አለበት፤ ርዝመቱም ከዜማው ልክ መውጣት የለበትም። ተማሪው እንደ ገና ወደ ዛፉ ሥር ይመለሳል። አንዲት ግስ ፍለጋ ግማሽ ቀን ማለቁ እንግዳ ነገር አይደለም። በዚህ መካከል ተማሪው ሰዋስው፣ መጽሐፍ ቅዱስ፣ የቅዱሳን ታሪክ፣ የአገር ታሪክና የገበሬውን ሥራ ጭምር ማወቅ ይገደዳል፤ አለዚያ ሰም ከየት ያመጣል?

ዓመቱን በተመለከተ፦ የተወሰነ የለም። ፈጣን አእምሮ ያለው በሁለት በሦስት ዓመት ይዘልቀዋል፤ አምስትና ስድስት ዓመት የሚቆይም ብዙ ነው። ወደ ሁለተኛ ቤት ተሻግሮ የሌላውን አገባብ የሚጨምርም አለ። ሰነፍ ነህ ተብሎ በሴሚስተር መጨረሻ የሚባረር አልነበረም። የወሎው ተወላጅ አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ በሐይቅ እስጢፋኖስ ሲማሩ ለዓመታት ትምህርት አልገባ ብሏቸው እንደ ነበር ገድላቸው ይናገራል፤ እኚሁ ሰው ናቸው በ1424 እ.ኤ.አ. መጽሐፈ ምስጢርን የጨረሱት። በእኛ ዘመን ቢሆኑ ሁለተኛ ሴሚስተርን አያልፉም ነበር ማለት ነው፤ ይህን የምለው ግን የአሁኑን ሬጅስትራር ለመውቀስ አይደለም።

ከሐይቅ ጋር በተያያዘ ሰዎች «የመጀመሪያው ዩኒቨርሲቲ» ይሉታል፤ እርስዎም ይህን ሰምተው ይሆናል። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞዓ እዚያ ያሰባሰቡት የገዳም ትምህርት ቤት በእርግጥ ትልቅ ነው። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ተምረውበታል፤ አባ ኢየሱስ ሞዓ ለገዳሙ ያበረከቱት የአራቱ ወንጌል መጽሐፍ እስከ ዛሬ አለ፤ የሐይቁ አለቃም ዐቃቤ ሰዓት በሚል ማዕረግ በቤተ መንግሥት ትልቅ ድምፅ ነበረው። እኔ ግን «ዩኒቨርሲቲ» የሚለውን ስም አልወድለትም። ስሙ ሲደረብበት የራሱ ሥርዓት ይጠፋል፤ ሐይቅ ክብሩን ከሌላ ሰው ስም መበደር አያስፈልገውም። ዘመናዊው ዩኒቨርሲቲ ራሱ ከቤተ ክርስቲያን ሰዎች ያን ያህል አልራቀም፦ በ1950 እ.ኤ.አ. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅን ያቋቋሙት በዶክተር ሉሲን ማት የሚመሩ ካናዳውያን ኢየሱሳውያን (የካቶሊክ ማኅበር) ካህናት ነበሩ፤ እንዳይሰብኩ ተስማምተው በካህን ልብስ ፋንታ ኮትና ሱሪ ለብሰው። የራሳችን ቤተ ክርስቲያን ቅድስት ሥላሴ መንፈሳዊ ኮሌጅም የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በ1954 ዓ.ም. ሲቋቋም አንዱ ክፍል ሆኖ ገብቷል። ስለዚህ አንዳንድ የቅኔ ቤት ሰዎች ግስ ከወረዱበት ደበሎ ተነሥተው ዲግሪ እስከ መቀበል ደርሰዋል። አያትዎ ያን መንገድ ባይሄዱበት የደረጃ ማነስ አድርገው አይዩት፤ ብዙው ሊቅ አልሄደበትም።

ኑሮውን በተመለከተ ብዙ ስለ ተጻፈ አላረዝምም፤ ሁለት ነገር ብቻ። የመጀመሪያው፣ ክፍያ የሚባል ነገር የለም። መምህሩ ከደብሩ መሬትና ከምእመናን ስጦታ ይኖራሉ፤ ተማሪው እንጨትና ውኃ ያመጣላቸዋል፤ ራሱ ደግሞ በቀፈፋ ይኖራል። አኩፋዳውን አንግቶ፣ ለውሻ የሚሆን ዱላ ይዞ፣ በየደጃፉ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። በደጋው የሚሰጠው የገብስ ቆሎ፣ የባቄላ ንፍሮ፣ ቁራሽ እንጀራ ነው፤ የተረፈው በፀሐይ ደርቆ ኮቸሮ ይሆናል። የባለጸጋ ልጅም ቢሆን ከዚህ አያመልጥም፤ መለመን ከትምህርቱ ተለይቶ አይታይም ነበር። በወሎ ደግሞ ይህ የክርስቲያኑ ብቻ አይደለም። ወደ እስልምና ትምህርት ማዕከሎቹ ወደ ጀማ ንጉሥና ወደ ዳና የሚሄደው ደረሳም ከቤቱ ወጥቶ፣ በሕዝቡ ቀለብ እየኖረ፣ ከሸኹ እግር ሥር ተቀምጦ ነበር የሚማረው። ሁለቱ ተማሪዎች በአንድ መንገድ ላይ መተላለፋቸው በወሎ የተለመደ ነበር፤ ይህ ለብቻው ሊጻፍበት የሚገባ ነው።

ሁለተኛው፣ ይህ አኗኗር ከገበሬው ጎተራ ጋር የታሰረ ነበር። ገበሬው ሲራብ ጉባኤው ይበተናል። የ1965 እና የ1966 ዓ.ም. የወሎ ረሃብ፣ ከዚያም የ1977ቱ፣ ከሰውና ከከብት ሌላ ጉባኤ ቤቶችን ጎድቷል። በመካከሉ የ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ የቤተ ክርስቲያንን መሬት ሲወስድ የመምህራኑ መተዳደሪያም አብሮ ሄደ። አያትዎ ትምህርታቸውን አቋርጠው ከተማ የገቡበት ዓመት ከእነዚህ ከአንዱ ጋር የሚገጥም ከሆነ፣ «ለምን መምህር ሳይሆኑ ቀሩ?» ለሚለው የቤተሰብ ጥያቄ መልሱ እዚያ ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ ማስረጃውን እንዴት እንደሚፈልጉ ልንገርዎ። ወረቀት መፈለግዎን ይተዉት። ዛሬ ምስክር ወረቀት የሚሰጡ ጉባኤ ቤቶች አሉ፤ በዚያ ዘመን ግን ማስመስከር ማለት በመምህሩ ፊት አቅርቦ የመምህሩን ቃል ማግኘት ነበር፤ ከዚያ በኋላ ሰውየው «የእገሌ ተማሪ» ይባላል። ማዕረጉ ከቦታው ይልቅ ከመምህሩ ጋር ይሄዳል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄዎ «የት ተማሩ?» ሳይሆን «የኔታ ማን ነበሩ?» የሚል ይሁን። የመምህሩን ስም ካገኙ የመምህሩን ሌሎች ተማሪዎች ማግኘት ይቻላል፤ ከእነርሱ መካከል ዛሬ በደሴ፣ በወልድያ ወይም በላሊበላ ደብር የሚያገለግል ሽማግሌ ሊኖር ይችላል።

ሁለተኛ፣ ስማቸውን ያጣሩ። የአብነት ተማሪ በአብዛኛው የሚጠራው በክርስትና ስሙ ነው፣ የአባት ስሙን ትቶ ከመጣበት አገር ጋር ተያይዞ። ከቤት ጠፍተው ከሄዱ ደግሞ ዘመድ እንዳይደርስባቸው ስማቸውን ሆን ብለው ሳይናገሩ ቀርተው ይሆናል፤ ጠፍቶ መሄድ ያኔ የተለመደ ነበር። እናንተ በመታወቂያ ስማቸው ስትጠይቁ «አናውቀውም» የተባላችሁ ከሆነ ምክንያቱ ይህ ሳይሆን አይቀርም። የክርስትና ስማቸውን ታላቅ እህት ወይም የንስሐ አባት ያውቃል።

ሦስተኛ፣ ከቅኔ በፊት የት እንደ ነበሩ ይጠይቁ። ቅኔ ቤት የሚገባ ሰው ንባብና ዳዊት ጨርሶ፣ ብዙ ጊዜም ዜማ ጀምሮ ነው። ከዋድላ በስተ ምዕራብ ጋይንት ቅርብ ነው፤ የዜማ ትምህርት ቤቶቹ፣ የድጓው ቤተልሔምም የዝማሬ መዋሥዕቱ ዙር አምባም፣ በዚያ ናቸው። አያትዎ ዜማ ካወቁ፣ በዚያ በኩል አልፈው ሊሆን ስለሚችል ፍለጋውን ወደዚያም ማስፋት ይገባል። በቤት ውስጥ ሲያንጎራጉሩ ምን ያዜሙ እንደ ነበር የሚያስታውስ ሰው ካለ ለአንድ መሪጌታ ያስደምጠው፤ ዜማው የየትኛው ቤት እንደ ሆነ ሊለይልዎ ይችላል።

ደብተሩን በተመለከተ፦ እያንዳንዱን ገጽ፣ ባዶ የሚመስለውንና የሽፋኑን ውስጥ ጭምር በቀን ብርሃን ፎቶግራፍ ያንሡ። እንደ ገና እንዲጠረዝ አይስጡ። ዝርዝሩ ላይ ከግሱ ቀጥሎ አጫጭር ሁለት ሁለት መስመር የተጻፈበት ቦታ ካለ፣ የመስመሮቹ የመጨረሻ ፊደል አንድ ዓይነት መሆኑን ይመልከቱ። አንድ ከሆነ ጉባኤ ቃና ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ወይ የአያትዎ የመጀመሪያ ቁጥር፣ ወይም የኔታ የዘረፉት ነው። የማን እንደ ሆነ የሚለየው ቅኔ አዋቂ ነውና የዚያን ገጽ ፎቶ ይዘው በአቅራቢያዎ ወዳለ ደብር ይሂዱ፤ ከማኅሌት በኋላ፣ ሊቃውንቱ ቁርስ ላይ ሳሉ ቢሆን ይመረጣል፤ በዚያ ሰዓት ቅኔ ያመጣን እንግዳ የሚገፋ የለም።